በግራ በኩል ድምፅ የለም

«ቅዳሜ መጥቶ ይውሰደው፤ እኔ በቃኝ።»

ማሽኒስቱ ይህን ሲሰሙ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአንድ እግር ካልሲ አጥልቀው ሁለተኛውን በእጃቸው ይዘው ነበር። አልጋው ግድግዳ ጥግ ነው፤ ሲቀመጡ ቀኝ ትከሻቸው ግድግዳውን ይነካል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ወጥ ቤቱ ነው። የምትናገረው ልጃቸው ናት፤ የምትናገረውም ለባሏ ነው። «አንድ ቃል አይመልስልኝም» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ እኔ እለፈልፋለሁ፤ እሱ ወይ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ ወይ ሳህኑን ያያል። ካንተ ጋር ሲሆን ወሬው ይደራል። ኩርፊያው ከኔ ጋር ነው። ምን አድርጌህ ነው ብዬ እንኳ ጠይቄዋለሁ።» አማቻቸው ጎርናና ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየታገለ «ሽማግሌ ናቸው፣ ቻያቸው እንጂ» ሲላት ተሰማ። «ችዬ ነበር» አለች። «ትናንት ለወንድሜ ደወልኩለት። ሰፊ ቤት አለው። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል።» ከዚያ ቧንቧው ተከፈተና ወሬው በውሃው ድምፅ ተዋጠ።

ማሽኒስቱ ካልሲውን እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነው። እስቲ ፈጣሪ ይፍረድ፣ በዚህ ቤት ዝም ያለው ማን ነው? ልጅቱ መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ውላ ትገባለች፣ ቦርሳዋን ትጥላለች፣ ሳህን ታቀርባለች፣ ትበላለች፣ ትነሳለች። አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» ስትል አልሰሙም። መጀመሪያ ደክሟት ነው ብለው ነበር፤ የአርባ ሕፃን ጩኸት ሲያዞራት የዋለች ሴት ወሬ ቢያስጠላት አይፈረድባትም። እየቆየ ግን የሰለቿት መሰላቸው። እሳቸውም ሰው ናቸውና ቅር አላቸው፤ ለምኜ የማወራው ወሬ የለም ብለው አንገታቸውን ደፍተው መብላት ጀመሩ። አሁን ደግሞ ጭራሽ አኩራፊው እሳቸው ሆነው አረፉት። ንዴቱ በረድ ሲል ከሥሩ የተገኘው ፍርሃት ነበር። የወንድ ልጃቸውን ቤት ያውቁታል። የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ አራት ክፍል፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ አንድ ላጤ። ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቁት የሰው ዘር የለም። እዚያ ከሄዱ የሚያወሩት ከበሩ ጋር ነው።

ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ ቀርቦ ነበር። አማቻቸው የጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ድምፁን ከሞተር በላይ ማድረግ ስለለመደ ከቤትም ውስጥ ያው ነው። «አባባ፣ ዛሬ አምሽቼ ነው የምገባው፤ እራት እንዳይጠብቁኝ!» አላቸው ጫማውን እያሰረ። «እሺ ልጄ፣ በርታ» አሉት። ልጃቸው አጠገባቸው ትንሽ ቆመች፤ የቀሚሷ ጫፍ ይታያቸዋል፣ ፊቷን ግን ቀና ብለው አላዩትም፤ ከተነገረባቸው ነገር በኋላ ምን ብለው ያዩታል? በሩ ተዘጋ። ሻዩን ሲያነሱት ቀዝቅዟል፤ አጠገቡ ሁለት የተላጠ እንቁላል ተቀምጧል። መቼ እንዳስቀመጠችው አላዩም።

ብቻቸውን ሲቀሩ የዘፈን ማጫወቻውን ከትራሳቸው ሥር አወጡት። ክብሪት የምታክል ሰማያዊ ዕቃ ናት። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ወደዚህ ቤት የመጡ ሰሞን ልጃቸው ነች ገዝታ የሰጠቻቸው፤ በወጣትነታቸው የሚወዷቸውን ዘፈኖች አንድ ባንድ እየፈለገች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አድርጋ ሞልታበታለች። ያኔ ደስ ብሏቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘባቸው። ለካ ጆሯቸውን መድፈኛ ነው የተሰጣቸው፤ እሷ ከማውራት እንድትገላገል ዘፈኑ እንዲያወራቸው። ይህን አስበው ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወሯት፤ ወዲያው ደግሞ ተሰብራ እንዳይሆን አንስተው አገላብጠው አዩአት።

ዕቃዋ እንደሆነች ቀድሞም ደህና አይደለችም። ሁለት ወር አለፋት፣ ዘፈኑ የሚሰማው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። በካርቶኗ ውስጥ የመጣውን መመሪያ ማሽኒስቱ ሸምድደውታል ቢባል ማጋነን አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ማሽን ላይ የቆመ ሰው ወረቀት ሲይዝ መጀመሪያ የሚያየው የተጻፈውን ሳይሆን የታተመበትን ነው፤ ቀለሙ ሳስቷል፣ ፊደሉ ተደራርቧል፣ ቆረጣው ጠሟል፤ «ይሄን የለቀቀ ማሽኒስት ደመወዙ ይቆረጥበት» ብለው ፈርደዋል። ከጀርባው «የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» የሚል ገጽ አለ። አንዱንም ሳይዘሉ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ሄደውበታል። አልነሳ ካለ፣ ቁልፉ ተቆልፎ እንደሆነ ይዩ፤ አዩ፣ ምልክት። ደርቆ ከቀረ፣ ከታች ባለችው ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይንኩ፤ ነኩ፣ ምልክት። ባትሪው ቶሎ ካለቀ፣ አንዴ ሙሉ በሙሉ ጨርሰው ይሙሉት፤ ጨርሰው ሞሉት፣ ምልክት። ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ደግሞ ኤርፎኑን ይቀይሩ ይላል። ቀየሩ። የተቀየረውም በግራ በኩል አልሰማ አለ። እሱንም ቀየሩ። ሦስት ኤርፎን፣ እያንዳንዱ የአንድ ምሳ ዋጋ፣ ሦስቱም ግራቸው የሞተ። የሸጠላቸውን ሱቅ በደረቴ ማዕዘኑ ላይ ሰው እስኪሰበሰብ ተጣልተውታል፤ «እየመረጥክ የተበላሸውን ለሽማግሌ!» ብለውታል።

ማተሚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። ተራው ያለቀ ማሽኒስት ለሚቀጥለው ሲያስረክብ ማሽኑን አጽድቶ፣ የላላውን አጥብቆ ነው፤ ሊጠግነው ያልቻለው ጉድለት ካለ ደግሞ «እዚህ ጋ ያዳልጣል፣ እዚያ ጋ ወረቀት ይበላል» ብሎ ተናግሮ ነው የሚወጣው። ጉድለት ሸሽጎ ያስረከበ ሰው ከዚያ በኋላ ምሳ አብሮት የሚበላ አያገኝም። ማሽኒስቱ ዕቃዋን እያገላበጡ ይህን አሰቡና ወሰኑ። ሊወስዷቸው ከሆነ ይውሰዷቸው። አይለምኑም፣ አይከራከሩም። ግን የሰጠቻቸውን ዕቃ እንደ አዲስ አሠርተው ዛሬ ማታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡላታል፤ «ይኸው ንብረትሽ» ይሏታል። ከዚያ በኋላ የሚያፍረው ማን እንደሆነ ይታያል።

ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ደረጃው ላይ የታችኛዋ ጎረቤት ወለል ስትወለውል አገኟት፤ ሰላም አሏት፣ ሰላም አለቻቸው፣ ውሃ በፈረቃ ሆነብን አለች፣ እውነትሽን ነው አሏት። የዛሬ ቀን ወሬያቸው ይኸው ሊሆን እንደሚችል አሰቡና ትንሽ ቆም ብለው ዝናቡም ቀረ አሉ፤ እሷ ግን ባልዲዋን አንስታ ገብታለች። መንገድ ሲሻገሩ አንድ ሰው «አባት! አባት!» ብሎ ጮኸ። ማሽኒስቱ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ማንም የለም። በግራ በኩል በብስክሌት ዕቃ የሚያመላልስ ጎልማሳ ጫማቸውን ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ፍሬን ይዞ ቆመ። «ምነው አባት፣ ደወሉን እስኪበጠስ ደወልኩት'ኮ!» «ደወል የታለህና!» አሉት። ሰውየው ደወሉን በአውራ ጣቱ መታላቸውና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ሱቅ በደረቴው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሣጥን እቅፍ አድርጎ ከዳቦ ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። እንዳላዩ አለፉት።

የጥገናው ቤት በአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ክፍል ናት። ጠጋኟ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ነች፤ አጉሊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የተፈታታ ስልክ ላይ አቀርቅራለች። መደርደሪያው ላይ ሰዓት፣ ራዲዮ፣ የተሰነጠቀ ስልክ የባለቤቶቹ ስም በተጻፈባቸው ወረቀቶች ታስሮ ተደርድሯል። ማጫወቻዋን ስታይ ፈገግ አለች። «ይቺን የያዘ ሰው ካየሁ ዓመት አለፈኝ። አሁን ሁሉም በስልኩ ሆኗል። ይቀመጡ አባት፣ ምን ሆነች?» ማሽኒስቱ ተቀመጡ፤ መመሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት፤ ምልክት ያደረጉበትን አንድ በአንድ አሳዩአት። ሰው እንዲህ በጥሞና ካዳመጣቸው ቆይቷልና የማያስፈልገውንም ጨመሩላት፤ ቀለሙ እንደሳሳ፣ ቆረጣው እንደጠመመ ነገሯት። እሷም አላቋረጠቻቸውም።

ሲጨርሱ ኤርፎኑ የሚሰካበትን ቀዳዳ በመብራት አየችው፤ በመርፌ ጫፍ የኪስ ብናኝ አወጣችበት። «ይሄ ብዙ ጊዜ ነው የሚያስቸግረው» አለች። ሰክታ ሰጠቻቸው፤ ያው ነው። ሚሞሪውን አውጥታ ነሐስ ነሐሷን በላጲስ ጠረገች፤ ያው ነው። ድምፁ ወደ አንድ ወገን ተመዝኖ እንደሆነ ብላ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ አየች፤ መሐል ላይ ነው። በመጨረሻ ኤርፎኑን በራሷ ጆሮ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ጭንቅላቷን ከዘፈኑ ጋር ትንሽ ወዘወዘች። «ሁለቱም ይሠራሉ» አለች። «ዕቃው ምንም የለበትም።»

«ልጄ» አሉ ማሽኒስቱ ተቆጥተው፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ላይ ኖሬአለሁ። ምንም የለበትም የሚባል ማሽን አላየሁም።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «እሱስ እውነትዎን ነው። እንግዲያው እንፈልገው። ችግሩ አልገኝ ሲለኝ እኔ የማደርገው ማገላበጥ ነው። የግራውን በቀኝ ጆሮዎ፣ የቀኙን በግራ ጆሮዎ ያድርጉት። የኤርፎኑ ችግር ከሆነ አብሮ ይገላበጣል፤ የማጫወቻዋም ከሆነ አብሮ ይገላበጣል። አሁን ዝም የሚለው ቀኝ ጆሮዎ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ካልተገላበጠ ደግሞ...» አለችና አቆመች።

ማሽኒስቱ አገላበጡት። ሁለት ወር ሙሉ ሞቷል ሲሉት የከረሙት የግራው ኤርፎን ቀኝ ጆሯቸው ውስጥ ጥርት ብሎ ዘፈነ፤ ከበሮው ሳይቀር ለብቻው ይሰማል። ደህናው የተባለው የቀኙ ደግሞ ግራ ጆሯቸው ውስጥ ተቀምጦ ጭጭ አለ። «አሁንም ግራው ነው» አሉ። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የተናገሩትን የሰሙት። ኤርፎኑን አወጡ፣ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ። ጣታቸውን ግራ ጆሯቸው ውስጥ ከትተው ነቀነቁ፤ እንደገና አደረጉ። ጠጋኟ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ያልጠፋ ብሎን ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች። ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ «ሥራዎ ምን ነበር አሉኝ?» አለች። «የማተሚያ ማሽን።» «ማሽኑ በየት በኩል ነበር የሚቆመው?» የማሽኒስቱ ግራ እጅ ራሱ ተነሥቶ አሳየ። «ወንድሜ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው» አለች። «እሱም እንዲሁ ሆኗል። ሐኪም ቢያይዎት ጥሩ ነው።» ስንት ነው ሲሏት እጇን አወናጨፈች፤ «ጤነኛ ዕቃ ነው አባት፣ ለጤነኛ ዕቃ አላስከፍልም» አለች። ለደግነት ያለችው ነው፤ እሳቸውን ግን ጠዘጠዛቸው።

አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የቀኝ እጃቸውን ጣቶች ቀኝ ጆሯቸው አጠገብ አፋተጉ፤ ተንኮሻኮሸ። የግራውን በግራ በኩል አፋተጉ፤ ምንም። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። አጠገባቸው የነበረች ሴት ቦርሳዋን ይዛ ፈቀቅ አለች። እንዴት ሳያውቁት ቀሩ? ማሽኑ በግራቸው ስለሚጮህ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው ሁሉ በቀኝ ዞሮ ነበር የሚመጣው፤ አለቃም ሆነ ተላላኪ፣ አዲስ የተቀጠረም በገባ በቀኑ ይማረዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በግራ በኩል ያናገራቸው ሰው የለም። ስልክም የሚይዙት በቀኝ እጃቸው ነው። ሟች ሚስታቸው ደግሞ ድምጿ ሁለት ግቢ ይሻገር ስለነበር በየት በኩል እንደተቀመጠች ልብ የሚል አልነበረም። እና አሁን የልጃቸው ቤት። ትራስ ያለውን ወንበር ለእሳቸው ሰጥታለች፤ ቴሌቪዥኑ በቀኛቸው ሲለፈልፍ ያመሻል፤ እሷ ለመነሣት እንዲቀላት ከወጥ ቤቱ በር በኩል ትቀመጣለች። በግራቸው። ቀኑን ሙሉ ለሕፃናት ጮሃ ጮሃ ማታ የምትገባው ደግሞ በተሟጠጠ ድምፅ ነው። እሳቸውም የሚበላ ሰው ፊት አይታይም ተብለው ስላደጉ ዓይናቸውን ከሳህናቸው አያነሡም።

ስትናገር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ልጃቸው ስትናገራቸው ነበር። ጠዋት አጠገባቸው ስትቆም፣ ሻይ ስታስቀምጥ፣ እንቁላል ልጣ ስታቀርብ አፏ ዝም ብሎ አልነበረም። ምን ያህል «እንዴት ዋልክ» ወለሉ ላይ ወድቆ ቀርቷል? ሐዘን መጣባቸው፤ ከሐዘኑ ጋር እፍረት። ንዴታቸውን ሁሉ ፈለጉት፣ የሚያሳርፉበት ሰው አጡ። ንዴት ለካ ጥሩ ጓደኛ ነበር፤ እሱ ሲሄድ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው ጭኖ ሄደ፤ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ።

ሌላ ሐሳብ ደግሞ ቀስ ብሎ ገባባቸው። ባይናገሩስ? አኩራፊ መባል ይሻላል። አኩራፊ ሰው ገና ጉልበት አለው፤ ቢፈልግ ይታረቃል። ደንቆሮ ሽማግሌ ግን ያለቀለት ዕቃ ነው፤ ዛሬ ጆሮ፣ ነገ ዓይን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልብሴን ማን ያጥብልኝ። ይህን ነግረዋት ቅዳሜ ቢላኩ እንደ ብልሽት ነው የሚላኩት። ሳይነግሯት ቢላኩ ግን እንደ ቂመኛ አባት፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ መኪናው ውስጥ ቀጥ ብለው ይገባሉ። ነገሩን እያገላበጡ ፀሐይዋ ከአግዳሚው ላይ እስክትነሣ ቆዩ። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ፊት አንድ በአንድ መጣባቸው፤ ጉድለት ሸሽጎ ስላስረከበው ሰውዬ ያወሩት የነበረው ሁሉ ትዝ አላቸው። ራሳቸውም አብረው አውርተው ነበር።

ሲመለሱ ሱቅ በደረቴው አላመለጣቸውም። ሣጥኑን አቅፎ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «አባት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው?» «ኤርፎኖችህ ደህና ነበሩ» አሉት። ሰውየው በጥርጣሬ አያቸው፤ ሌላ መላ ዘይደው የመጡ ነው የመሰለው። «ሦስቱም?» «ሦስቱም። ያለ ኃጢአትህ ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።» «እሺ... ታዲያ ብር ይመለስልኝ ነው?» «የለም፣ ምንም አልልህም።» ሰውየው ግራ ተጋባ፤ «እንግዲያው ችግሩ ምን ነበር?» አለ። ለሱቅ በደረቴ መንገሩ ራሱ ይህን ያህል ከበደ። «እኔ ነኝ» ብለውት ሄዱ።

ልጃቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች። ቦርሳዋን ጣለች፣ ወጥ ቤት ገብታ ሾርባ አሞቀች። ማሽኒስቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ማጫወቻዋን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ዛሬ ዓይናቸውን ከሳህን ላይ አንሥተው በሩን በሩን ያያሉ። ሳህኖቹን ይዛ ስትወጣ ፊቷን አዩት። ከስቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደከሳ አያውቁም።

«ቁጭ በይ» አሏት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያናግሯት ደነገጠች፤ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። «ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት የማስረክብሽ ነገር አለ» አሉ።

«ቅዳሜን ማን ነገረህ?» ግማሹን በዓይናቸው፣ ግማሹን በቀኝ ጆሯቸው ያዙት።

«ግድግዳው ቀጭን ነው። ነገሬ ግን እሱ አይደለም። ይቺን ዕቃ ላሠራ ሄጄ ዕቃዋ ደህና ሆና ተገኘች። ግራ ጆሮዬ ነው የማይሰማው። ምንም አይሰማም። እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ቀስ ብላ እንደ ወትሮው በግራቸው ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አንድ ነገር አለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ፣ ድምፅ ግን አልመጣም። «አልሰማሁሽም» አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ይችን አንድ ቃል ብለዋት ቢሆን ኖሮ። ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ተነሥታ በቴሌቪዥኑ በኩል ቆመችና «ቅዳሜ አትምጣ» አለችው። «የለም፣ አልታረቅንም። መጀመሪያም አልተጣላንም። ኋላ እነግርሃለሁ።» ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በጉልበቷ ገፍታ ወደ ጥግ አስጠጋች፤ ወንበሯን ከወጥ ቤቱ በር አንሥታ ዞራ አመጣችና በቀኛቸው አስቀመጠች። ተቀመጠች። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው፤ ሁለቱም ማንኪያ አላነሡም። የጎረቤት በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

«እንግዲያው የዚያን ማክሰኞ ማታም አልሰማኸኝማ» አለች።

«የቱን ማክሰኞ?»

«አንተ በመጣህ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሐኪም ቤት የገባሁ ዕለት። እዚያ ቁጭ ብዬ» አለች፣ አሁን ባዶ የሆነውን ቦታ በአገጯ እያሳየች፤ «ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ላንተ ነገርኩህ። ለባሌም ገና አልነገርኩትም ነበር። እማዬ የለች፣ ለማን ልንገር? ተናግሬ ስጨርስ ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ? ጨው አቀብዪኝ አልከኝ። አቀበልኩህ።»

ማሽኒስቱ አስታወሱ። አልጫ የሆነ ሾርባ ነበር። ምግቧን ሳትጨርስ ተነሥታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ደክሟት ነው ብለው የእሳቸውን ሳህን ጠርገው በሉ፣ የእሷንም ዳቦ ጨመሩ። እጇን መያዝ ፈለጉ፤ እንዴት ተደርጎ እንደሚያዝ ጠፋቸውና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«ንገሪኝ» አሉ።

«ተወው አባዬ፣ አልቆየልኝም፤ አልፏል'ኮ።»

«ለኔ አላለፈም። እኔ ገና አልሰማሁትም።»

ልጅቱ ማንኪያዋን ከሳህኑ ጎን አስተካክላ አስቀመጠች። እሳቸውም አላስቸኮሏትም፤ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሷ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ጠበቁ። በመጨረሻ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምጿ ያው የተሟጠጠው ድምፅ ነው፤ ሆኖም አንድም ፊደል ሳይወድቅ ደረሳቸው።

«አባዬ» አለች፣ «አርግዤ ነበር።»